ባለቤት የነበራቸው ዝዮች

ባለፈው ሰሞን ለጉልበትህ ይበጅሃል ብለውኝ ሶደሬ ወርጄ ነበር። ፍል ውሃው ጉልበቴን ምን እንዳደረገው ገና አልታወቀም። ማለዳ ወደ አዋሽ ዳር ብቅ ስል ግን አራት አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች በሁለት ቀጫጭን ዘንጎች መካከል ዓይን በቀላሉ የማይለየው ስስ መረብ ዘርግተው አገኘኋቸው። አንዲት ቆፍጣና ልጅ ከመረቡ ውስጥ ትንሽ ወፍ ፈልቅቃ አወጣች። አንገቱን በሁለት ጣቶቿ መካከል አስገብታ ጀርባውን መዳፏ ላይ አጋደመችውና እግሩ ላይ ቀለበት አሰረችለት። ቆሜ አየኋት፤ አያያዟን አውቀዋለሁ።

«አባባ፣ አይስጉ፤ አይጎዳውም» አለችኝ።

«እንደማይጎዳው አውቃለሁ። እኛም እናስር ነበር» አልኳት።

«መቼ?»

«ጣልያን ሳይገባ።»

ልጅቷ ጨዋ ናት፤ አልሳቀችም። እንዳላመነችኝ ግን ገብቶኛል፤ ደግሞም አልፈርድባትም። በዚያ ዘመን አዳማ ላይ ወፍ እየያዘ ቀለበት የሚያስር ማኅበር ነበረ ቢሉኝ እኔም የሽማግሌ ወሬ ነው ብዬ አልፈው ነበር። ለእሷ ያልነገርኳትን እዚህ ልጻፈው።

ያን ጊዜ ናዝሬት የሚለው ስም ገና አልወጣላትም፤ አዳማ አዳማ ብቻ ነበረች። ከተማ ማለት የባቡር ጣቢያው፣ በጣቢያው ዙሪያ የተኮለኮሉት የቆርቆሮ ሱቆች፣ ግራርና አቧራ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ አቧራው የያዝከው ሻይ ውስጥ ሳይቀር ይገባል። እኔ ሃያ ዓመት ያለፈኝ ጎረምሳ፣ የጣቢያው ትኬት ቆራጭ ነበርኩ። ባቡር በማይመጣበት ቀን ሥራ ፈት ነኝ፤ ሥራ ፈት ደግሞ ያልተጠራበት ነገር ውስጥ ይገባል። እኔ የገባሁት በወፍ ነገር ነው።

ነገሩን ያመጣው የሐዲድ መሐንዲስ የነበረ አንድ ፈረንጅ ነው። ስሙ ለአፋችን ስላልተመቸ ሁላችንም «ሙሴ» ብቻ እንለው ነበር። ቀለበቶቹን ከአገሩ በፖስታ ያስመጣቸዋል። ሥራው እንዲህ ነው፤ ወፉን ይይዙታል፣ ቁጥር የተቀረጸበትን ቀላል ነጭ ብረት እግሩ ላይ ያስሩለታል፣ ይለቁታል። ሌላ ሰው ሌላ ቦታ ያገኘው እንደሆነ በቁጥሩ ከየት እንደተነሣ ይታወቃል። ወፍ ወዴት ሄዳ የት እንደምትከርም ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ አልተገኘም። ሙሴ ወባ አድክሞት ወደ አገሩ ሲመለስ መረቦቹንና በግማሽ የጎደለ የቀለበት ጣሳ ለሦስታችን ትቶልን ሄደ።

ሦስታችን ማለት ጋሼ ዘለቀ፣ እንድሪስና እኔ ነን። እንድሪስ ከወሎ የመጣ የአቡጀዲ ነጋዴ ነው፤ እጁ ለመረብ የተፈጠረ ነው ማለት ይቻላል። የተቀደደውን ሲጠግን ቀዳዳው የነበረበት ቦታ አይታወቅም። አፉም እንደ እጁ ፈጣን ነበር። አለቃችን ጋሼ ዘለቀ ግን ሌላ ዓይነት ሰው ነው። ከዝዋይና ከመቂ የሚመጣው መንገድ ወደ አዳማ በሚገባበት ኬላ ላይ የቀረጥ ሹም ነበር። በዚያ ሙቀት ኮቱን እስከ አንገቱ ይቆልፋል። ጉቦ አይነካም፤ ግን ደግሞ አይምርም። ቅቤ ቢሆን ማር፣ ዶሮም ብትሆን ቀረጧን ሳትከፍል በጋሼ ዘለቀ በር አታልፍም። ጉቦ የሚበላ ሹም ቢሆን ኖሮ ሰዉ ይበልጥ የሚወደው ይመስለኛል። ነጋዴው ሁሉ ከሩቅ ሲያየው ፊቱን ያጠቁራል፤ እሱም ይህን ያውቃል፤ ቀኑን ሙሉ የጠቆረ ፊት ሲያይ ውሎ ማታ ስለ ወፍ ሲያወራ ግን ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

የምንሠራው ወንጂ ነው። ዛሬ ሸንኮራ አገዳ የሞላበት ያ ሜዳ ያኔ ረግረግ ነበር፤ ደንገል፣ ጭቃ፣ ትንኝ፣ ከዚያ ደግሞ ዝይ። ዝይ በዓመት አንድ ጊዜ የክንፉን ላባ ያረግፋል። በዚያን ሰሞን መብረር ስለማይችል በእግር እያባረርን ወደ መረብ እናስገባዋለን። እስከ ጭናችን ጭቃ ገብተን ስንመለስ የጠጅ ቤቱ ደንበኞች በር ላይ ወጥተው ይጠብቁናል። «ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም የማላይ!» ይሉናል። አንዳንዱም «ከብቶቻችሁ ደህና አደሩ?» ይለናል። እንድሪስ መልስ አያጣም፤ ጋሼ ዘለቀ አይመልስም፤ እኔ አፍራለሁ።

ታዲያ ከጊዜ በኋላ አንድ የሚያስደንቅ ነገር አየን። ቀለበት ያሰርንላቸው ዝዮች ደጋግመው መረባችን ውስጥ ይገባሉ። ክረምት ሲገባ ይጠፋሉ፤ በጋ ሲሆን እነዚያው ራሳቸው ወንጂ ናቸው። ጋሼ ዘለቀ ሲያስብ ከረመና የወንጂ ዝይ ቢርቅም አገሩን የማይለቅ ዝይ ነው የሚል ሐሳብ ላይ ደረሰ። ይህንኑ ጻፈ፤ እኔ በጥሩ እጅ ጽሑፍ ገለበጥኩለት።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ወፍ የሚያጠኑ ሰዎች ከየአገሩ አዲስ አበባ እንዲሰበሰቡ ጥሪ መጣ። የሚመራው አንድ ፈረንጅ ፕሮፌሰር ነው። ለአንድ የባላገር ማኅበር የሚሰጥ አንድ ሣጥን አዲስ ቀለበትም መጥቷል ተባለ። የእኛ ጣሳ ተሟጦ ነበር። ሣጥኑን ካገኘን ለብዙ ዓመት እንሠራለን፤ ካላገኘን ማኅበሩ አበቃለት። ያለን ደግሞ ያ ጽሑፍ ብቻ ነው።

በባቡር ሄድን። ለእኔ ባቡር የየቀን እንጀራዬ ስለሆነ ከትኬት መስኮቱ ውጭ ሆኜ መንገደኛ መሆኑ ራሱ ደስ አለኝ። ስንቃችን በሶ ነበር፤ የእንድሪስና የእኛ ሥጋ ስለማይገናኝ በሶ ሁላችንን ያስማማል። ሞጆ ላይ የተቀቀለ እንቁላል ገዛን። ሜዳው ሁሉ ጤፍ ነው፤ የደረሰው ቢጫ፣ ያልደረሰው አረንጓዴ። ከፊት ለፊታችን የተቀመጠው ሰው ነጭ ጋቢ የለበሰ ጎልማሳ ነበር። ጋሼ ዘለቀን ሲያይ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ባቡር ላይ ኬላ እንደሌለ ሲያስታውስ ግን ፈገግ አለ።

«አካም ቡልተን፣ ጌታው። ቱፋ እባላለሁ፤ የመቂ እህል ነጋዴ ነኝ። በርዎ ላይ ያውቁኛል።»

«አወቅኩዎት፣ ኦቦ ቱፋ። ወዴት ነው?»

«የመሬት ሙግት አለብኝ። ዝዮችዎ ደህና ናቸው?»

ጋሼ ዘለቀ እንደ ሌላው ሰው ሊያሾፍበት መስሎት ፊቱን ኮስተር አደረገ። «የትኞቹ ዝዮች?»

«ባለ ምልክቶቹ ናቸዋ። ባለፈው ገበያ ሁለት አምጥቼልዎ ነበር። ሴቷ ክፉ ናት፤ መንገዱን ሙሉ እጄን ስትነክሰኝ ነው የመጣችው።»

በሶ የያዘው የጋሼ ዘለቀ እጅ አፉ ሳይደርስ ቆመ። «ከየት ነው ያመጧቸው?» አለ።

«ከዝዋይ። ወንድሜ እዚያ ማሳ አለው፤ እህሉን እየበሉ ስላስቸገሩት ወጥመድ ያኖርላቸዋል። እኛ ዝይ አንበላም፤ ቀጥቀጥ አድርገን እንለቃለን። እግሩ ላይ ምልክት ያለው ከሆነ ግን ባለቤት አለው ማለት ነው። ባለ ምልክት ከብት ደጅህ ተገኝቶ ዝም ካልክ ምን ትባላለህ? ሌባ ትባላለህ። ስለዚህ ወደ አዳማ ገበያ የሚወርድ ሰው በቅርጫት አድርጎ አህያ ላይ ይጭነዋል፤ ወንጂ ላይ ስታስሩ ያላየ ስለሌለ እዚያው ሲደርስ የእናንተው ውሃ ዳር ይለቀዋል።»

«ሌላም ሰው ያደርገዋል?»

«ሁሉም ነዋ» አለ ቱፋ፣ ኩራት ቢጤ እየተሰማው። «ከመቂ በሉት ከዝዋይ፣ የሰው ንብረት የሚያስቀር የለም።»

«ታዲያ ለምን ለእኔ አላመጣችሁልኝም?»

ቱፋ ጋቢውን ወደ አፉ ሳብ አድርጎ ሳቀ። «ጌታው፣ አይቆጡኝ። በእርስዎ በር ዶሮ እንኳን በነጻ አታልፍም። የራስዎን ዝይ ልንመልስልዎ መጥተን ቀረጥ እንክፈል?»

እንድሪስ ወደ መስኮቱ ዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። ጋሼ ዘለቀ ቱፋን እግዜር ይስጥልኝ አለውና የኮቱን የላይኛውን ቁልፍ ፈታ። ያን ቁልፍ ተፈትቶ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። አገሩን የማይለቀው ዝያችን በአህያ ተጭኖ ሲመለስ ኖሯል።

አዲስ አበባ ገብተን ለገሀር አጠገብ አንድ ግሪክ ቤት አረፍን። ብርዱ ለቆላ ሰው አይጣል ነው። እራት ላይ መጀመሪያ የተናገረው እንድሪስ ነበር።

«ስማኝ ዘለቀ። ቱፋ ነገ አዳራሹ ውስጥ የለም። ፕሮፌሰሩም ዝዋይ ገበያ አይወርድም። ጽሑፉን አንብበውና ሣጥኑን ይዘን እንግባ። ከዚያ በኋላ እውነተኛውን እንሠራለን።»

ሐሳቡን ወደድኩት። ወጣት ነበርኩ፣ ሣጥኑን ፈልጌው ነበር፣ ጽሑፉንም በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ዘለቀ ግን ውሃ እንዲመጣለት ጠየቀና ጠጥቶ ተነሣ።

ጉባኤው የተደረገው በአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። ግድግዳው ዳር የደረቁ ወፎች በመስታወት ሣጥን ውስጥ ተደርድረው በብርጭቆ ዓይናቸው ይመለከቱናል። ፈረንጆቹ ከፊት፣ የእኛ ሰዎች ከኋላ ተቀምጠናል። ከሐረርጌ የመጣ ማኅበር ስለ አሞራ አነበበ፤ ደህና ነበር። ከዚያ ጋሼ ዘለቀ ተጠራ።

ጽሑፉን ማንበብ ጀመረ። ስለ ወንጂ ውሃ፣ ስለ ላባ መርገፍ፣ ስለ አያያዛችን አነበበ። «የወንጂ ዝይ» ወደሚለው ቦታ ሲደርስ ወረቀቱን አጠፈው።

«ከዚህ በታች ያለውን እስከ ትናንት አምንበት ነበር» አለና ባቡር ላይ የሰማውን አንድ በአንድ ተናገረ። የዶሮዋን ቀረጥ እንኳን አልደበቀም። አዳራሹ ሁለት ጊዜ ሳቀ፤ መጀመሪያ አማርኛ የምንሰማው፣ አስተርጓሚው ሲጨርስ ደግሞ ፈረንጆቹ። አንዱ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን እስኪጠርግ ድረስ ሳቀ። ጋሼ ዘለቀ ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀ። ያን ጊዜ መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። በአስተርጓሚ በኩል እንዲህ አለ፦ «እኛ አገር ቀለበት ያገኘ ሰው ቢያንስ ወሬውን እንዲልክልን እንለምናለን። እናንተ ዘንድ ወፉን ራሱን ይመልሱታል። የሕዝባችሁ ታማኝነት የሚያስመሰግን ነው፤ ለሥራችን ግን አይሆንም። እግሩ ላይ ቀለበት ያለበት ወፍ ሁሉ ተይዞ የሚመለስ ከሆነ ወዴት እንደሚሄድ መቼም አናውቅም።» ከዚያ ጥቂት አሰበ። «ሣጥኑን እስከ ፋሲካ አቆየዋለሁ። በየገበያው ወጥታችሁ ቀለበት ያለው ወፍ ባለቤት የለውም፣ ባገኛችሁበት ልቀቁት ብላችሁ ካስነገራችሁ ለእናንተ እሰጣለሁ። ካልሆነ ለሐረርጌዎቹ።»

ስንወጣ እንድሪስና እኔ ከደስታ የተነሣ እግራችን መሬት አልነካም። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር የት ይገኛል? አንድ ገበያ፣ አንድ ንግግር፣ አለቀ። ጋሼ ዘለቀም ተስማማ። ስንመለስ የሚናገራቸውን ቃላት ራሱ አሰናዳ፤ እኔ ስሰማው በቃሌ ያዝኩት።

ታኅሣሥ ላይ በበቅሎ ወደ መቂ ወረድን። አውድማው ሁሉ ሥራ ላይ ነው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ ይነሣል፣ አገሩ በሙሉ የአዲስ እህል ይሸታል። ቱፋ ገበያው ዳር ተቀበለን። እዚያ አንድ ትልቅ ዋርካ አለ፤ የገበያው ሽማግሌዎች የሚቀመጡት ከሥሩ ነው። ንግዱ ከመድራቱ በፊት የጠፋና የተገኘ የሚነገርበት ልማድ ስላላቸው ተራችንን ጠበቅን።

አንድ ሰው አህያ ይዞ መካከል ገባ። «ግራ ጆሮዋ የተሰነጠቀ አህያ፣ ባለቤት ያለህ!» እያለ ተጣራ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። ሦስተኛውን ሳይጠራ ከሰዉ መሐል አንዲት ሴት ወጣች። ከል የለበሰች፣ ከዓለም ጤና በእግሯ የመጣች ናት፤ አህያዋ ከጠፋች ጀምሮ በየገበያው ስትዞር ከርማለች። ሽማግሌዎቹ ሌላ ምልክት ጠየቋት። ሆዷ ሥር ነጭ ጠጉር እንዳለ ተናገረች፤ ታየ፣ ተገኘ። ሴትዮዋ ቀርባ የተሰነጠቀውን ጆሮ በጣቷ ያዘች፤ ያዘችና ቀረች። ሰውዬው ክረምቱን ሙሉ ሲቀልባት ከርሞ ምርቃት ብቻ ተቀብሎ ወደ እህሉ ተመለሰ።

«አሁን የኬላው ጌታ ይናገራል» አለ ቱፋ።

ሰዉ የኬላ ስም ሲሰማ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ጋሼ ዘለቀ ወደ መካከል ገባ። ሴትዮዋ ገና አልሄደችም፤ አህያዋን ይዛ ከፊቱ ቆማለች። የአህያዋን የተሰነጠቀ ጆሮ አየ። እኔ ቃሉን በሆዴ እልለታለሁ፦ «ቀለበት ያለው ወፍ ባለቤት የለውም።»

«ዝዮቻችንን ስትመልሱልን ኖራችኋል» አለ። «አላወቅንም ነበር። እግዜር ይስጥልን።»

ቱፋ ወደ ኦሮምኛ መለሰው። ሰዉ የሚቀጥል መስሎት ጠበቀ። እኔም የሚቀጥል መስሎኛል።

«ከዛሬ ጀምሮ» አለ ጋሼ ዘለቀ፣ «ዝይ ይዞ በኬላዬ በር ለሚያልፍ ሰው ቀረጥ የለበትም።»

መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ሳቀ፤ ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ፤ ሳቁም ወደ ምርቃት ተለወጠ። እኔ የኮቱን ጫፍ ጎተትኩ።

«ጋሼ፣ አዋጁስ?»

«ተናገርኩ እኮ» አለኝና ወደ በቅሎው ሄደ።

ከገበያው ወጥተን መንገዱን ያዝን። በመጨረሻ አልቻልኩምና «ሣጥኑ ቀረ ማለት ነው?» አልኩት።

«ቀረ።»

«ለምን? እርስዎ ራስዎ ተስማምተው አልነበረም?»

«ያችን ሴትዮ አይተሃታል» አለኝ። «ምልክት ያለበት ነገር ባለቤት የለውም ብዬ ገበያ መካከል ላስተምር?»

«ለዝይ ብቻ ነው ብትላቸው ይገባቸው ነበር» አለ እንድሪስ ከኋላ።

«ይገባቸው ይሆናል። ባይገባቸውስ?»

ሣጥኑ ወደ ሐረርጌ ሄደ። እኔ ከጋሼ ዘለቀ ጋር ለብዙ ሳምንት አልተነጋገርኩም፤ በጣም ተናድጄበት ነበር፤ በሕይወቴ የወደድኩትን አንድ ነገር በሰው አህያ ምክንያት የነጠቀኝ መስሎኝ ነበር። መረቦቹን እንድሪስ አጣጥፎ ሱቁ ጣራ ሥር ሰቀላቸው፤ አይጥ በላቸው። ዝዮቹ ግን መምጣታቸውን አልተዉም። በገበያ ቀን ኬላው ላይ ከአህያው ጭነት መካከል የዝይ ጩኸት ይሰማል። ጋሼ ዘለቀ ከወንበሩ ተነሥቶ ይቀበላል፤ ያመጣውን ሰው ያስቀምጠዋል፣ ውሃ ያስመጣለታል፣ ስለ ዝዋይ ዝናብ ይጠይቀዋል። ወንድሜ ሲል ሰምቼዋለሁ፤ ያ ሰው ነጋዴን ወንድሜ ሲል! ማታ ዝዩን በብብቱ ይዞ ወደ ወንጂ ይወርድና ይለቀዋል። በዚህ ሁኔታ ጥቂት ዓመት ኖረ። ጣልያን ሲመጣ ወደ ሰሜን ዘመተ፤ አልተመለሰም። ወሬውን የሰሙ የመቂ ነጋዴዎች ኬላው ደጃፍ ላይ ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ።

እንድሪስ እስኪሞት ድረስ ዘለቀ ተሳስቷል ይል ነበር። ሰው ዝይና አህያ መለየት አያቅተውም፣ ንቋቸው ነው እንጂ፣ ይላል። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። አንዳንድ ቀን ለእንድሪስ፣ አንዳንድ ቀን ለጋሼ ዘለቀ እፈርዳለሁ። ጋሼ ዘለቀ ሰው እየሳቀበት ቆሞ የጠበቀበትን ያን አዳራሽ ሳስብ ግን ሰውዬው ይናፍቀኛል፤ ሌላ ምን ልበል፣ ይናፍቀኛል።

ሶደሬ ያለችው ልጅ ቀለበቱን አስራ ስትጨርስ መዳፏን ከፈተች፤ ወፉም ወደ አዋሽ ማዶ በረረ። ሁላችንም ከዓይን እስኪጠፋ ድረስ ተከተልነው። የወንጂ ዝይ ክረምት ሲገባ የት እንደሚሄድ እስከ ዛሬ አላውቅም። ማወቅ እፈልግ ነበር።